ዓሣውን እንተወው

«ዓሣውን እንተወው» አለኝ አባቴ።

ከግብዣው በፊት በነበረው ቀን ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ መቱ የተመለስኩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ አባቴም ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ አብረውት ያስተማሩትን ጡረተኞች ሁሉ ጠርቶ በግ ሊያርድልኝ ቆርጦ ተነስቷል። ዕድሜውን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ያስተማረ ሰው ስለሆነ ሰው ፊት ከመናገሩ በፊት ነጥብ ነጥቡን ይጽፋል። ያን ቀንም ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስለ እኔ የሚለውን ያዘጋጅ ነበር።

«ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ታጠናለች። ይኼ ጥሩ ነው» አለ እስክሪብቶውን እያንኳኳ። «በዘመናዊ ማሽን ትለካለች። ይኼም ጥሩ ነው። የማንን ሰውነት ነው የምትለካው ቢሉኝ ግን…»

«የዓሣ ነባሪና የዶልፊን ነዋ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እሱን ለእኔ ነግረሽኛል፤ በቃ። ሰው ፊት ዓሣውን እንተወው።»

«ዓሣ እኮ አይደሉም አባዬ። ይወልዳሉ፣ ያጠባሉ።»

«ይባስ!» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

እኔ በተፈጥሮዬ አፌን የምይዝ ሰው አይደለሁም። ባጃጅ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ ዝናብ የምከራከር ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። አባቴ አሳፍሮኝ አይደለም፤ እኔም ቀድሜ አፍሬ ስለነበር ነው። የመቱ ሰው የሚያውቀው ትልቅ ውኃ ሶር ወንዝ ነው። የሰፈሬ ሰው ወባ ይይዘዋል፣ ታይፎይድ ይጥለዋል፣ እናቴን በቃሬዛ ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰ ነው። ያ ሁሉ ሰው «ልጃችን ተምራ ትምጣ» እያለ ሲጸልይልኝ ከርሞ፣ እኔ ኢሉባቦር ውስጥ ማንም አይቶት የማያውቀውን እንስሳ ደም ስመረምር ቆይቼ መጣሁ ማለት ከበደኝ።

ሥራዬን በአጭሩ ልናገር፤ ያኔ ተናግሬው ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። የተማርኩባት ከተማ ውጭ አገር፣ ውቅያኖስ ዳርቻ ላይ ያለች፣ ብርዷ አጥንት ድረስ የሚገባ ከተማ ናት። ታመው ወደ ዳርቻ የሚወጡ ዶልፊኖችን እያነሱ የሚያስታምሙበት ትልቅ ገንዳ ነበር። የእንስሳት ሐኪሞቹ ደም ይቀዳሉ፤ እኔ ብልቃጧን ተቀብዬ በበረዶ ሳጥን ይዤ ወደ ላብራቶሪ እሮጣለሁ። ከዓሣ ነባሪዎቹ ደም መቅዳት ስለማይሞከር ከጀልባ ላይ በሚተኮስ ቀስት ከቆዳቸው ትንሽ ቁራጭ ይወሰድ ነበር። የምለካው የበሽታ መከላከያ ጂኖችን ነው። ጂኑ መኖሩን አይደለም፤ ጂኑ ሁልጊዜም እዚያው አለ። ጥያቄው ደሙ በተቀዳባት ሰዓት ሥራ ላይ ነበር ወይስ ተኝቶ ነበር የሚለው ነው። በሽታ ሲገባ እነዚህ ጂኖች ትእዛዝ መላክ ይጀምራሉ፤ ያንን ትእዛዝ ከደሙ አውጥቼ ማሽን ውስጥ ስጨምረው ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ዳገት የሚወጣ መስመር ይሆንልኛል። ቶሎ የወጣ መስመር ብርቱ ትእዛዝ ማለት ነው። ማሽኑ ፒሲአር ይባላል። ስሙን የመቱ ሰው በኮሮና ጊዜ ስለሰማው ለአባቴ ንግግር በጣም ተመቸው።

ከዶልፊኖቹ መካከል «ሰባተኛዋ» የምንላት አንዲት እንስት ነበረች። የእሷ መስመሮች ከሌሎቹ ሁሉ ቀድመው ቀጥ ብለው ወጡ። ደስ ብሎኝ ግራፉን ለአስተማሪዬ ወስጄ አሳየኋቸው። «መከላከያዋ በጣም ብርቱ ነው» አልኩ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁና «አሁን የት ናት?» አሉኝ። ማክሰኞ ዕለት መሞቷን ነገርኳቸው። «እንግዲያው እሱንም ከግራፉ ሥር ጻፊው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ጻፍኩት። በደቃቅ ፊደል፣ በገዛ እጄ፣ ከሁሉም የበለጠ ብርቱ መከላከያ ያሳየችው እንስሳ እንደሞተች ጻፍኩ። ይህን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ የሆነውን ሳላውቅ አደረግሁት ብዬ ማምለጥ አልችልም።

በግብዣው ቀን አባቴ ተነስቶ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ተናገረ። ዓሣ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ሰው አጨበጨበ። ከጡረተኞቹ አንዱ፣ ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩ ሰው፣ በእርግጥ ሊያውቁ ፈልገው «የምትመረምሪው ደም ከየት ነው የሚመጣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። አባቴ ዓይኑን ወደ ሳህኑ ሰደደ።

«ከታመሙት ነው የሚቀዳው» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ጥሩ መልስ እንዳገኘ ተማሪ ኩራት ተሰማኝ። አሁን ሳስበው ከተናገርኳቸው ውሸቶች ሁሉ እንደዚያ እውነት የሚያሳፍረኝ የለም።

ከሁሉ በላይ እልል ያሉት እትዬ ነበሩ። እትዬ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ከሞተች በኋላ ጸጉሬን እየሠሩ ትምህርት ቤት የላኩኝ እሳቸው ናቸው። ሥራቸው የማር ንግድ ነበር፤ ከያዮ ገበሬዎች የጫካ ማር ተቀብለው መቱ ገበያ ይሸጣሉ። ማር ሲገዙ የሚያህላቸው የለም። ገበሬው ጣሳውን ከፍቶ ከላይ ሲያቀምሳቸው «እሱን አንተው ላሰው» ይሉና ረጅም ዘንጋቸውን እስከ ታች ሰደው፣ ከሥር ያለውን አውጥተው ያሸታሉ፣ ይቀምሳሉ። ከላይ ያለውን ማር አምነው አንድ ቀን እንኳ ገዝተው አያውቁም። ያን ዕለት ግን ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዲህ ሐኪማችን ከደጃችን ነው» አሉኝ። ሐኪም አይደለሁም አልኳቸው። «ከሐኪም በላይ ነሽ! ሐኪም የሚያየው ላዩን ነው፤ አንቺ ደም ውስጥ ገብተሽ ታያለሽ» አሉ። ያንን አላረምኩም።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ እዚሁ ከተማ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። የማር ጣሳዎቹ የሚቀመጡበት ጓዳ አስገቡኝና በሩን ገፋ አደረጉት። ሹራባቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው ቀኝ ክንዳቸውን አነሱ።

«እዚህ ብብቴ ውስጥ ትንሽ ነገር ወጥቶብኛል። ሆስፒታል ልሂድ ብዬ ነበር፤ ወንድ ሐኪም ቢያጋጥመኝስ? ክንዴን አንስቼ ልቆምለት ነው? አንቺ እያለሽ።»

በጣቴ ዳሰስኩት። ባቄላ ታህላለች፣ ጠንካራ ናት፣ አትንቀሳቀስም። «ያምዎታል?» አልኩ። አያምም አሉ። «ትኩሳት አለዎት?» የለም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ከሐምሌ ይሆናል አሉ። አራተኛ ጥያቄ ነበረኝ፤ ጡታቸውን እንዲያሳዩኝ መጠየቅ ነበረብኝ። አፈርኩ። የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሻሻቸው ሲወልቅ እንኳ አይቼ አላውቅም። እሳቸውም አላነሱት። ሁለታችንም ጨዋ ሆነን ቆምን።

ያኔ እጄን አጥቤ «አላውቅም፤ ነገ አብረን ሆስፒታል እንሂድ» ብል ምን ነበረበት? ቃሉ አጭር ነው፤ አፌ ላይም መጥቶ ነበር። ነገር ግን ዓይናቸው ልክ በግብዣው ቀን እንደነበረው አየኝ፤ እኔም ያ ዓይን እንዲቀየር አልፈለግሁም። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ነገር ሰጠኋቸው።

«እትዬ፣ ይኼ እጢ ነው። የሰውነትዎ የመከላከያ ወታደሮች የሚሰበሰቡበት ጣቢያ ማለት ነው። ካበጠ ሰውነትዎ እየታገለ ነው። ጥሩ ምልክት ነው።»

«እሰይ!» አሉ ሹራባቸውን እየመለሱ። «እየታገለ ነው!» ፊታቸው በራ። አንድ ከያዮ የመጣ ገበሬ ውጭ ይጠብቃቸው ስለነበር ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ። ከሥር እስኪያወጡ ቆሜ አየኋቸው። ገበሬው «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ እመኑኝ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ይስቃሉ፣ ዘንጉን ወደ ታች ይሰዳሉ።

ኅዳርን በማስተማር አሳለፍኩት። ታኅሣሥ ላይ ስለ ዶልፊኖቹ አንድ ጽሑፍ እንድጨርስ አስተማሪዬ ስለወተወቱኝ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ግራፎቹን ማስተካከል ጀመርኩ። ሰባተኛዋ ላይ ስደርስ ከሥሯ የጻፍኩትን አነበብኩ። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ጓዳው፣ የማር ሽታው፣ ባቄላዋ ከነጥንካሬዋ ጣቴ ላይ መጡ። ስልኬን አውጥቼ ማንም ሴት ልታነበው የምትችለውን ነገር አነበብኩ። የማያም፣ ጠንካራ፣ የማይንቀሳቀስ እብጠት በብብት ውስጥ፤ ሳይውል ሳያድር ይታይ ይላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚያንገበግበኝ። የጓዳው ነገር አላዋቂነት ነው ብዬ ራሴን ላባብል እችላለሁ። ከታኅሣሥ በኋላ ግን አውቃለሁ። አውቄም ስንት ሳምንት ቆየሁ! መጀመሪያ ፈተና ላርም አልኩ። ቀጥሎ ቤታቸው ስሄድ እንግዳ አገኘሁና ተመለስኩ። ከዚያ ገና ደረሰ፤ በበዓል እንዲህ ያለ ወሬ አይወራም አልኩ። እውነቱ ግን «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል እንዴት አድርጌ እንደማቀርበው ሳሳምር ነው የቆየሁት። እኔ ሳልዋረድ እሳቸው ሆስፒታል የሚሄዱበትን መንገድ ስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ መንገድ አልነበረም።

ለጥምቀት ሰፈሩ ሁሉ ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ እትዬ ቤት ገባን። ሳህን ሲያነሱ በግራ እጃቸው እንደሚያነሱ አየሁ። ቀኙን ከጎናቸው ለጥፈው ይዘውታል። አንዲት ጎረቤት «እጅዎን ምን ሆኑ?» አለቻቸው። እትዬ ወደ እኔ ጠቆሙና በኩራት «እጢ ነው፤ እየታገለ ነው። እሷ በእጇ ዳስሳ ነው የነገረችኝ» አሉ። ጎረቤቲቱ «ታድለው!» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ፈገግ አልኩ።

በሕይወቴ ብዙ ነገር አጥፍቻለሁ፤ እንደዚያች ፈገግታ የምጠላው ግን የለም። ቤት ስገባ አለቀስኩ። ማልቀስ ለእትዬ ምን ይጠቅማቸዋል? በማግስቱም አልነገርኳቸውም፤ በሦስተኛውም ቀን። በሳምንቱ ገባሁና «እትዬ፣ ለማንኛውም ሆስፒታል ብንታይ ጥሩ ነው» አልኩ፤ ያውም ቀለል አድርጌ፣ እንደ ጨዋታ። «ምን ሊሠራልኝ? አንቺ አይተሽኝ!» አሉ። አልገፋሁም።

ዐቢይ ጾም ሊጋመስ ሲል አንድ ጠዋት ነጠላቸው ላይ እርጥብ ነገር አየሁ። ቁስል ነበር፤ ከጡታቸው ነው። ያኔ ባጃጅ ጠራሁ። መንገዱን ሙሉ ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው ያቃስታሉ።

የመረመረቻቸው ወጣት ሴት ሐኪም ነበረች። ሴት። ገና መጋረጃውን ስትስብ ልቤ ተሰበረ። ለረጅም ጊዜ ዳሰሰቻቸው፤ ከዚያ እጇን እየታጠበች ተቆጣች።

«እናቴ፣ ይኼ ሁሉ እስኪሆን የት ነበሩ? ለምን ቶሎ አልመጡም?»

የሕክምና ካርዳቸውን ይዤ ከአጠገባቸው ቆሜያለሁ። እትዬ ወደ እኔ አላዩም። ጣሪያውን እያዩ «ሥራ በዝቶብኝ ነው ልጄ። ማር የሚመጣበት ጊዜ ነበር» አሉ።

«ማር ከነፍስዎ ይበልጣል?» አለች ሐኪሟ።

«አጥፍቻለሁ» አሉ እትዬ።

እኔ ካርዱን አጣጠፍኩት፤ መልሼ ዘረጋሁት። ያ ቁጣ የእኔ ነበር፤ እሳቸው በእኔ ፈንታ ተቀበሉልኝ፤ እኔም አሳልፌ ሰጠኋቸው። ወደ ጅማ ተላኩ። ሳንባቸው ድረስ ደርሷል ተባለ። ካንሰር የሚለውን ቃል በሰፈራችን ማንም ጮክ ብሎ አይጠራውም፤ ለዘመድ ለወዳጅ «የሳንባ ሕመም ነው» ተባለ። ልጆቻቸው እንዲያ እንዲባል ፈለጉ፤ ለእኔም ተመቸኝ።

ሰኔ ላይ አልጋ ላይ ዋሉ። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ልቤ ሞላ።

«እትዬ፣ እኔ ስመረምር የነበረው የሰው ደም አይደለም።»

«እ?»

«የባሕር እንስሳ ነው። ዶልፊን የሚባል። ዓሣ ነባሪም።»

ፊቴን አዩ። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው። እየሳቁ አሳላቸው። «ዓሣ! ጋሼ ያን ሁሉ በግ አርደው… ለዓሣ!» አባቴን ነው ጋሼ የሚሉት።

«ዓሣ አይደለም እትዬ።»

«ዓሣ ነባሪ አላልሽኝም? በጾም ይበላል አይበላም?»

«እንጃ። ግን ያጠባል። ልጁን ወልዶ ጡት ያጠባል።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «ጡት አለው? ውኃ ውስጥ? የቱ ጋ?»

«ከሆዱ በታች ነው። ቆዳው ውስጥ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ልጁ ሲራብ ብቻ ነው የሚወጣ።»

ለረጅም ጊዜ ቆርቆሮውን አዳመጡ። «ታድለዋል» አሉ በመጨረሻ። «ማንም አያይባቸውም።»

ከዚያ የቀረውን መናገር ነበረብኝ። «ያን ቀን ጓዳ ውስጥ የነገርኩዎት ስሕተት ነበር፤ ስሕተት መሆኑን ካወቅሁም በኋላ ደብቄዎታለሁ» ማለት ነበረብኝ። ግማሹን ተናግሬ ስላሳቅኳቸው ቀለለኝ፤ ቀለለኝና ሌላውን ተውኩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔም የተኙ መስሎኝ ወጣሁ። ተኝተው እንደሆነ አላውቅም። በነሐሴ ሞቱ።

በሰልስቱ ቀን ድንኳኑ ከደጃችን ፊት ለፊት ነበር። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል። እኔ ሰሃን አጥባለሁ፣ ውኃ አቀርባለሁ፤ ሰው «እንደ ልጃቸው ነች» ይለኛል፤ እኔ እሸሻለሁ። ከኡካ የመጡት የእትዬ ታናሽ እህት ጠሩኝ። ለቀብር ከደረሱ ጀምሮ እንባ አልፈሰሳቸውም ነበር፤ ደረቅ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ ፊት አላቸው። እጄን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ፤ ያቺው ጓዳ። ጣሳዎቹ አሁንም አሉ። በሩን ገፋ አደረጉት።

«ልቅሶ ላይ የማይሆን ነገር ነው፤ ግን ነገ ወደ ኡካ ልመለስ ነው። አንዴ እይልኝ» አሉና ክንዳቸውን አነሱ።

ጣሳ ተደግፌ ቆምኩ።

«እሷ ናት የላከችኝ» አሉ እህትየዋ። «ኅዳር ላይ ስልክ ስንደዋወል እንዲህ ወጥቶብኛል ብላት፣ ‹እኔም ላይ ወጥቶ ነበር፤ ልጄ ዳስሳ ጥሩ ነው ብላኛለች፤ መቱ ስትመጪ ለእሷ አሳዪያት፣ ወንድ ፊት አትራቆቺ› አለችኝ። ስመጣ ስመጣ እያልኩ ቆየሁ፤ የእሷንም ሕመም ሳንባ ነው ስላሉኝ ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም። ይኸው ለእሷ ሞት መጣሁ።»

ከኅዳር እስከ ነሐሴ። አንዲት ሴት መስሎኝ ነበር።

እጄ በልማዱ ተዘረጋ። መልሼ ሰበሰብኩት። «እኔ መንካት የለብኝም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሴት ሐኪም አለች።»

«ክፉ ነገር ነው?»

«አላውቅም።»

ክንዳቸውን እንዳነሱ ትክ ብለው አዩኝ። «ለእህቴ እንዴት አወቅሽ ታዲያ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ያን ቀን ግን የያዝኩት ሁሉ አለቀ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ይስማ አይስማ ሳልጨነቅ ነገርኳቸው። የተማርኩት የባሕር እንስሳ መሆኑን፤ ለእህታቸው ሳላውቅ ጥሩ ምልክት ነው እንዳልኳቸው፤ ታኅሣሥ ላይ ስሕተቴን እንዳወቅሁ፤ እስከ ዐቢይ ጾም አፌን ዘግቼ እንደቆየሁ። ሐኪሟ ስትቆጣ እህታቸው ጥፋቱን ለራሳቸው እንደወሰዱልኝ። «በሳንባ አይደለም የሞቱት። የጀመረው እዚህ ነው» አልኩ፤ ብብታቸውን እያሳየሁ።

ክንዳቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። እጅጌያቸውን ሳቡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ዛሬ ክፍት ነው?» አሉ።

«ሐሙስ ነው፤ ክፍት ነው። ነጠላዬን ላምጣ፣ እኔ እወስድዎታለሁ።»

መልስ ሳይሰጡኝ ወጡ። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው አባቴ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ሲሉት ከደጅ ሆኜ አየሁ። አባቴ ግር ብሎት ተነሳ፤ ባርኔጣውን አደረገ። አንድ ባጃጅ ከመንገድ ጠራ። እኔ ነጠላዬን እየደረብኩ ሮጬ ደረስኩ።

እህትየዋ ገብተው ተቀመጡ። አባቴ አንድ እግሩን አስገብቶ ወደ እኔ ዞረ፤ ገና ምንም አያውቅም ነበር፤ ያ የግብዣው ቀን ኩራት አሁንም ፊቱ ላይ አለ።

«አንቺ ነሽ የምታስፈልጊያቸው እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ! ነይ ግቢ እንጂ» አለኝ።

እህትየዋ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ቀድመውኝ መለሱለት።

«ሂንዱፍቱ» አሉት። አትመጣም።

ባጃጁ ተነሳ።